የሜሊንድ ተራኪ፣ ሙሴ ፓርጎ

ሙዚቃ ባለበት ሁሉ ሙዚቃውን የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። ፊልም ቤት ብትገቡ ከጀርባችሁ ተቀምጦ «አሁን በሩን ይከፍተዋል» የሚለው እሱ ነው። ሠርግ ቤት ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ጆሯችሁ ሥር ጠጋ ብሎ ዘፈኑን ማን ለማን እንደደረሰው የሚነግራችሁም እሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ክፉ አይደለም። ችግሩ ቸርነቱ ነው፤ የሚያውቀውን ለብቻው ማወቅ አይሆንለትም።

በፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ አገር፣ በቫርሞን ከተማ፣ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ሙሴ፣ ማለትም አቶ፣ አንሴልም ፓርጎ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም፣ የከተማው ትንሽ የሙዚቃ ቡድን ብቸኛ ባሱን ነፊ። ባሱን ቆሞ ሲታይ ቁመቱ ለሰው ትከሻ የሚጠጋ፣ ድምፁ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ የሚወጣ የሚመስል የእንጨት መሣሪያ ነው። ሙሴ ፓርጎ በደንብ ይነፉታል። መንፋቱን ሲያቆሙ ነው ጣጣው።

ሙያቸው ነው ያበላሻቸው የሚሉ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያወሩ የኖሩት አፉን ከፍቶ ለሚሰማ እንጂ ለሚመልስ ሰው አይደለም። ከወንበሩ ላይ የተንጋለለ ታካሚ ቢበዛ «አአ» ይላል፤ ሙሴ ፓርጎ ደግሞ «አአ» ማለት «ከዚያስ?» ማለት ነው ብለው ይተረጉሙታል። ስለዚህ ቫርሞን ውስጥ ጥርሱን ያስሞላ ሰው ሁሉ የሜሊንድን ታሪክ መጀመሪያ ያውቃል። ያስነቀለ እስከ ሠርጉ ይደርሳል። መርከቡ ሲሰጥም የሰሙት መንጋጋቸውን የታከሙት ብቻ ናቸው።

ሜሊንድ በነገሥታቱ ዘመን የተጻፈ የሙዚቃ ቲያትር ነው። መጋረጃው ተከፍቶ እስኪዘጋ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዘፋኝ ይፈልጋል፣ ጨፋሪ ይፈልጋል፣ ከጣሪያ የሚወርድ ደመናና ውኃ ላይ የሚሰጥም መርከብ ይፈልጋል። ቫርሞን ይህ ሁሉ የላትም። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ሁልጊዜ የሚደረገው ተደረገ፤ ዘፈኑና ታሪኩ ቀርቶ፣ ጭፈራዎቹና የመሣሪያ ሙዚቃዎቹ ተለቅመው፣ አንዱ ከአንዱ ተያይዞ ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃ ነገር ተሰናዳ። ስዊት ይሉታል። ባለቤቶቹ ከሄዱበት ቤት የተረፈውን ደህና ደህና ዕቃ ሰብስቦ አንድ ክፍል ውስጥ እንደ መደርደር ነው።

ዕቃውን የምትደረድረው ሶላንዥ ኦብሬ ነበረች። የከተማው ትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪ ናት፤ ቡድኑንም ክላቭሳን ከሚባለው የድሮ ፒያኖ መሰል መሣሪያ ኋላ ተቀምጣ ትመራለች። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ልምምድ ነው። ሶላንዥ ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር ስትጮህ ውላ ስለምትመጣ፣ በልምምድ ሰዓት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተጀምሮ የሚያልቅ ሙዚቃ።

ይህ አይሆንም ነበር። መግቢያው ተጫውቶ ሲያልቅ ከኋላው ረድፍ የሙሴ ፓርጎ ጣት ትነሣለች።

«አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ።»

ኦቦ የሚባለውን ቀጭን የእንጨት መሣሪያ የምትነፋው ክሎቲልድ፣ የእንስሳት ሐኪሟ፣ ይህን ስትሰማ መሣሪያዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ የጀመረችውን ሹራብ ከቦርሳዋ ታወጣለች። አንድ ክረምት ለወንድሟ ሙሉ ሹራብ ሠርታ የጨረሰችው በሙሴ ፓርጎ ትንንሽ ነገሮች መሃል ነው።

«እዚህ ጋ» ይላሉ ክቡርነታቸው፣ «መጋረጃው ገና መከፈቱ ነው። ንጉሡ፣ የሜሊንድ አባት፣ ከባሕሩ ዳር ቆሟል። ጀርባውን ነው የሰጠን። ስለዚህ ያንን የመጨረሻውን ድምፅ እንዲህ ጮክ ብለን ከጨረስነው ይዞራል። መዞር የለበትም።»

«ሙሴ ፓርጎ፣ ንጉሥ የለንም» ትላለች ሶላንዥ።

«አውቃለሁ። ቢኖረን ኖሮ ግን ይዞር ነበር።»

እንዲህ ነበሩ። የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች ሬዢስ ሲያገባ ቡድኑ ከስዊቱ አንዱን ሚኑዌት ለሙሽሮቹ ተጫወተ፤ ለስለስ ያለ፣ ለሠርግ የተሠራ የሚመስል ጭፈራ ነው። ሙሽራዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ልታመሰግን ስትመጣ ሙሴ ፓርጎ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ይህ ጭፈራ በቲያትሩ ውስጥ የባሕሩ አምላክ ሙሽራዋን ሊጠልፋት አድብቶ ሳለ የሚጨፈር መሆኑን አስረዷት። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሬዢስ ሙሽራዋ ለጫጉላ ስለታሰበው የባሕር ጉዞ ሐሳቧን እንደቀየረች ተናገረ። ጫጉላቸውን ተራራ ሄደው አሳለፉ።

በዚያ ዓመት ሶላንዥ ስዊቱን እንደገና ልትደረድረው ተነሣች። በጸደይ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ባለው ትንሽ ቲያትር ቤት ሊቀርብ ነው። ቲያትር ቤቱ ለዓመታት ሲጠገን ቆይቶ ገና መከፈቱ ነበር፤ የመጀመሪያው ዝግጅትም የእነሱ ነው። ሕዝቡ ከወደደው ሐሙስ ማታቸው በትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ፣ የሾርባ ሽታ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ እዚያ መድረክ ላይ እንደሚሆን ከንቲባዋ ተናግራለች። ሶላንዥ ይህን በጣም ፈለገችው። ብዙ ካሰበች በኋላም ሰው የሚወደውን ቅደም ተከተል አወጣች። በማዕበሉ ይጀመራል፣ ጩኸት ሰውን ከወንበሩ ላይ ያነቃዋልና። ቀጥሎ የመርከበኞቹ ጭፈራ፣ ከዚያ የሠርጉ ሚኑዌት፣ በመጨረሻ ሻኮን የሚባለው ታላቁ የመዝጊያ ጭፈራ፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚደምቅበት። እንቅልፍ የሚባለውን ቀርፋፋ ክፍል ግን ከዝግጅቱ አወጣችው።

«ምሳ በልቶ ለመጣ ሰው እንቅልፍ ሲጫወቱለት ስሙን አክብሮ ይተኛል» አለቻቸው።

ሁሉም ሳቀ። ሙሴ ፓርጎ አልሳቁም። ወረቀታቸውን እያገላበጡ ቆዩና ጣታቸውን አነሡ።

«አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ። በዚህ አደራደር መርከቡ መጀመሪያ ይሰጥማል። ከዚያ የሰጠሙት መርከበኞች ይጨፍራሉ። ከዚያ ሜሊንድ ባሏ ከሞተ በኋላ ታገባዋለች።»

«ማንም አልሞተም፣ ሙሴ ፓርጎ።»

«አርባስ ሰጥሟል። ማዕበሉ እኮ እሱን ነው የወሰደው። እሷም አልቅሳ አልቅሳ ነው እንቅልፍ የሚጥላት፤ በሕልሟም ታየዋለች። እንቅልፉን ካወጣሽው መቼ ልታየው ነው?»

ሶላንዥ በዚያ ቀን ሦስት ክፍል አስተምራ፣ የተጣሉ ወላጆች አስታርቃ፣ ምሳ ሳትበላ ነበር የመጣችው።

«ሙሴ ፓርጎ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ሜሊንድ የምትባል ልጅ የለችም። አርባስም የለም። ያለው ሶል ሚኖር የሚባል ቅኝት ነው። እባክዎ እሱን እንጫወት።»

ክሎቲልድ የሹራብ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ሙሴ ፓርጎ ጣታቸውን አወረዱ፤ የት እንደሚያስቀምጧት የቸገራቸው ይመስል ነበር። ከዚያ ባሱናቸውን አስተካክለው «እሺ፣ ሶላንዥ» አሉ።

ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ክቡርነታቸው ምንም አላስረዱም።

ሶላንዥ መጀመሪያ ላይ ደስታዋን ደበቀችው። ልምምዱ በሰዓቱ ይጀመራል፣ ከሰዓቱ በፊት ያልቃል። ቤቷ ገብታ ትኩስ እራት መብላት ቻለች። ሙዚቃውም ጠራ፤ ማንም አይሳሳትም፣ ማንም አይቀድምም። ሙሴ ፓርጎ በሰዓታቸው ይመጣሉ፣ ይነፋሉ፣ ለሁሉም «ደህና እደሩ» ብለው ይሄዳሉ። አኩርፈዋል እንዳይባል ፊታቸው አይከፋም። ይህ ነው ያናደዳት። ቢያኮርፉ ኖሮ ታግባባቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ማዕበሉን ተጫውተው ጨረሱ። ቫዮሊኖቹ እንደ ነፋስ አፏጩ፣ ክላቭሳኑ ተንጎዳጎደ፣ ባሱኑ ከሥር አጉረመረመ። እንከን የለውም። ሶላንዥ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ማንም የሌለበት ማዕበል ነው የተጫወቱት።

«ሙሴ ፓርጎ» አለች ክሎቲልድ፣ ወደ ኋላ ዞራ፣ «እኔ ብቻዬን የምቀርባት ቦታ አለች አይደል፣ ሌላው ሲያርፍ። እዚያ ጋ ሜሊንድ ምን እያደረገች ነበር? ድሮ አስቤው ነበር የምነፋው፤ አሁን ጠፋኝ።»

ሙሴ ፓርጎ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ።

«ሶል ሚኖር ነው ይላሉ» አሉ።

ክሎቲልድ ሳቋን ለመደበቅ አቀረቀረች። ሶላንዥ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን ግትር ናት። ያወጣችውን ቅደም ተከተል አልለወጠችም።

እሑዱ ደረሰ። የቫርሞን ሰው ምሳውን በልቶ፣ ደህና ኮቱን ለብሶ ቲያትር ቤቱን ሞላው። ቀይ ወንበሮቹ ገና የአዲስ ጨርቅ ይሸታሉ። ከንቲባዋ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ተጫዋቾቹ መድረኩ ላይ ቦታቸውን ያዙ፣ አንዱ ቦታ ግን ባዶ ነበር። ሬዢስ ከዲዦን ከተማ የሚመጣበት ባቡር፣ ሐዲዱ ላይ ዛፍ ወድቆ እርሻ መሃል ቆሟል። ስልኩ ላይ «ዛፉን እያነሡት ነው፤ ላሞች እያዩን ነው» የሚል መልእክት ልኳል። ያለ መጀመሪያው ቫዮሊን ደግሞ ማዕበሉም ሠርጉም አይሆንም።

ሶላንዥ ከክላቭሳኗ ተነሥታ ወደ ፊት ወጣችና ይቅርታ ጠየቀች። ሰው በትሕትና አጨበጨበ። ከዚያ ጠበቀ። አንዳንዱ ሰዓቱን ማየት ጀመረ፤ ሁለት ሰዎች ከኋላ ተነሥተው ወጡ። ከንቲባዋ ፈገግ እንዳለች ናት፤ ፈገግታዋ ግን እየቀዘቀዘ ሄደ።

«ታዲያ እሱ እስኪመጣ፣ የምትጫወቱት ስለ ምን እንደሆነ ንገሩን» አሉ ከመሃል አንድ ሽማግሌ።

ሶላንዥ ዞር አለች። ዓይኗ ሳታስበው የኋላውን ረድፍ ፈለገ።

«ሙሴ ፓርጎ ይነግሯችኋል» አለች።

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የበለጠ ካሳ አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስረዱ ለኖሩ ሰው፣ ሙሉ ቲያትር ቤት፣ ሙሉ ከተማ። ሙሴ ፓርጎ ተነሡ። ባሱናቸውን እንደያዙ በወንበሮቹ መሃል አልፈው መድረኩ ጫፍ ድረስ መጡ። ሕዝቡ አያቸው፤ ግማሹ የቀድሞ ታካሚያቸው ስለሆነ ገና ሳይጀምሩ አፉን ከፈት አድርጎ ተቀመጠ።

«የሜሊንድ አባት...» አሉ።

ቆሙ።

«አባቷ...» አሉ ደግሞ። ባሱናቸው ላይ ያሉት ብረቶች እርስ በርስ ሲነካኩ ሶላንዥ ሰማች። ፊታቸው አመድ መስሏል። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር እያዩ አንድ ሰው የሚፈልጉ ይመስላሉ፤ እንዳያገኙትም የፈሩ።

ሶላንዥ አላሰበችበትም። አጠገባቸው ቆመችና ጀመረች።

«የሜሊንድ አባት የደሴቲቱ ንጉሥ ነበር። መጋረጃው ሲከፈት ከባሕሩ ዳር ቆሟል፤ ጀርባውን ነው የሰጠን።»

ቀጠለች። ልጅቱ ወደብ ላይ የመርከብ መሪ የሚይዘውን አርባስን እንዴት እንደወደደች፣ ንጉሡ እንዴት እንደተቆጣ፣ እንዴትስ እንደተሸነፈ ተረከች። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። አንድም ሹራብ ሳትሠራ፣ ስታዛጋና ሰዓቷን ስታይ የሰማችው ሁሉ ቃል በቃል ውስጧ ተቀምጦ ኖሯል። ሠርጉ ጋ ስትደርስ ክሎቲልድ ኦቦዋን አንሥታ ከሚኑዌቱ ትንሽ ነፋች። አዳራሹ ሞቅ አለ።

«የባሕሩ አምላክ ግን ከዓለት ጀርባ አድብቶ ያያቸዋል» አለች ሶላንዥ።

«ከዓለት ጀርባ አይደለም» አለ አጠገቧ አንድ ዝቅተኛ ድምፅ። ሙሴ ፓርጎ ነበሩ። «እንግዳ መስሎ ከተጋበዙት ጋር ተቀምጧል። ይበላል ይጠጣል። ለዚህ ነው የሚያስፈራው።»

ሰው ሳቀ። ሶላንዥም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እየተቀባበሉ፣ እየተራረሙ፣ መርከቡ ላይ ወጡ፤ ማዕበሉ መጣ፤ አርባስ ሰጠመ። ፊተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት «ውይ» አለች፣ ከልቧ።

«ሜሊንድ አሸዋው ላይ አልቅሳ አልቅሳ...» አለች ሶላንዥ፣ «እንቅልፍ ጣላት።»

እዚህ ጋ ዝም አለች። ቀጥሎ የሚመጣው የእንቅልፉ ሙዚቃ መሆኑን ታውቃለች፤ ከዝግጅቱ ያወጣችው ራሷ ናት።

ሙሴ ፓርጎ ከክሎቲልድ አጠገብ የተቀመጠውን ተጫዋች በዓይናቸው ጠየቁት፤ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ተቀመጡና ነፉ። የእንቅልፉ ዜማ የቫዮሊን ነው፤ የባሱን ድርሻ ከሥር ቀስ ብሎ መሄድ ብቻ ነው። እሳቸውም የራሳቸውን ብቻ ነፉ። ዜማ የሌለው፣ እንደ ተኛ ሰው እስትንፋስ የሚወጣና የሚወርድ ድምፅ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደሚመላለስ እግር ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ክሎቲልድ ዜማውን በኦቦዋ አገኘችው። ሶላንዥ ወደ ክላቭሳኗ ሄዳ ተቀመጠችና በጣቷ ጫፍ ተከተለቻቸው።

ማንም አልተኛም። ሬዢስ ቫዮሊኑን አንግቶ፣ ጫማው ጭቃ ሆኖ የጎን በሩን ሲከፍት፣ ያየው ነገር እግሩን ያዘው፤ አልቆ እስኪጨበጨብ ድረስ መጋረጃው ጥላ ሥር ቆመ።

ቦታውን ሲይዝ ሶላንዥ ወደ ሁሉም ጎንበስ ብላ «ሠርጉ ይቀድማል፤ ከዚያ መርከበኞቹ፣ ማዕበሉ፣ እንቅልፉ፣ ሻኮኑ» አለች።

«ቅደም ተከተሉ ተለወጠ?» አለ ሬዢስ።

«ልጅቷ ባሏ ከሞተ በኋላ ልታገባው ነበር» አለች ክሎቲልድ። «ተጫወት።»

ተጫወቱ። በማዕበሉ መሃል ክሎቲልድ ብቻዋን የምትቀርባት ቦታ ስትደርስ ሰው ሁሉ ማን እየተጣራ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ከዝግጅቱ በኋላ በረንዳው ላይ ወይንና ትኩስ የአይብ ዳቦ ቀረበ። ከንቲባዋ የሶላንዥን እጅ ይዛ ሐሙስ ማታቸው ከእንግዲህ መድረኩ ላይ እንደሚሆን ነገረቻት። ሰው ሙሴ ፓርጎን ከቦ ያመሰግናል፤ እሳቸው ግን «ሶላንዥ ናት፣ ሶላንዥ ናት» እያሉ ወደ ግድግዳው ይሸሻሉ። ባሱን ተሸክሞ በእግር መሄድ ከባድ ስለሆነ ሶላንዥ ልታደርሳቸው መኪናዋ ውስጥ አስገባቻቸው። ፀሐይ ገና አልገባችም፤ የወይን እርሻዎቹ ላይ ረዥም ብርሃን ተኝቷል።

ሶላንዥ ሞተሩን አስነሥታ መንገዱን ያዘች።

«ምን ሆነው ነው እንደዚያ የጠፋብዎ?» አለች። «ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

ሙሴ ፓርጎ መስኮቱን ትንሽ ከፈቱ።

«አላውቀውም» አሉ። «አላየሁትም።»

«ምኑን?»

«ሜሊንድን። ወጣት ሳለሁ ሙሉው አንድ ጊዜ በትልቁ ቲያትር ታይቶ ነበር። ያኔ ባሱን የነፋሁት እኔ ነኝ። ግን እኛ ከመድረኩ ሥር ነን፣ ሙዚቀኞች በሚቀመጡበት ጉድጓድ ውስጥ። መድረኩ ጭንቅላቴ ላይ ነው የሚጀምረው። ደመናው ሲወርድ የገመዱን ድምፅ እሰማለሁ፣ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሲጨፍሩ አቧራው አንገቴ ላይ ይወርዳል። ሰው ሲያጨበጭብ እሰማለሁ፤ ለምን እንደሚያጨበጭብ አላውቅም። ሲያልቅ ዘፋኞቹን እየተከተልኩ ‹ምን ሆነ? እዚያ ጋ ምን ሆነ?› እላቸዋለሁ። እያንዳንዱ የሚነግረኝ ሌላ ነው። እነሱ ደክሟቸዋል፣ እራታቸውን ነው የሚፈልጉት።»

መስኮቱን መልሰው ዘጉት።

«ከእናንተ ከቡድኑ ያየው እንደሌለ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ሰው። አንድ ያየ ቢኖርበትስ? ተነሥቶ ‹እንዲህ አልነበረም› ቢልስ?»

ሶላንዥ መንገዱን እያየች ነዳች።

«ሙሴ ፓርጎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «መጨረሻ ላይ፣ ሻኮኑ ጋ፣ ባሕሩ አርባስን ሲመልሰው እንዴት ነው የሚወጣው? እንደሚመለስ እንጂ እንዴት እንደሆነ ነግረውን አያውቁም። ሁሌም እዚያ ሳንደርስ ሰዓት ያልቃል።»

«እሱ ላይ አይስማሙም» አሉ። «አንዱ በመሰላል ነው አለኝ። አንዷ በዛጎል ላይ ቆሞ ነው አለች።»

«እርስዎስ? ከሥር ሆነው ምን ሰሙ?»

ዞረው አዩዋት። እያሾፈች እንዳልሆነ እስኪያረጋግጡ ድረስ አዩዋት። ከዚያ ጀርባቸውን ከወንበሩ ላይ ቀና አደረጉ።

«እግር» አሉ። «ባዶ እግር። በዚያ ሁሉ ጫማ መሃል አንድ ባዶ እግር ነበር፣ እርጥብ። ጭንቅላቴ ላይ ነው ያለፈው፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ሜሊንድ ደግሞ ከቀኝ በኩል ነው የመጣችው፤ እያነከሰች፣ ምክንያቱም...»

ወደ ሙሴ ፓርጎ ሰፈር የሚያስገባው መታጠፊያ ከፊታቸው መጣ። ሶላንዥ አየችው፤ ፍጥነቷንም ቀነስ አደረገች። አልታጠፈችም። ወንዙን ተከትሎ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደውን መንገድ ይዛ «እ፣ ምክንያቱም?» አለች።